የመቀናጆው በሬ

ሰውዬው አንድ በሬ ነበረው፤ እህቱም አንድ። አንድ በሬ ብቻውን ሞፈር አይጎትትምና አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ያለው ሰው ፈልጎ ይቀናጃል። ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን እየተባባሉ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይሉታል። ውል የለው፣ ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው። ጠዋት በሬህን ከበረት አውጥተህ ገመዱን ለመቀናጆህ ትሰጠዋለህ፣ ማታ ገመዱን ከነበሬው ይመልስልሃል፤ በቃ። በዚህ ገመድ ሰው ሰውን ከዳ ቢባል በዚያ መንደር የሚያምን አልነበረም። አልነበረም ነው ያልኩት፤ አሁንማ ሁሉም በሬውን ራሱ ነው የሚያደርሰው።

ሰውዬውን አገሩ በሙሉ «ሰብሳቢ» ነው የሚለው፤ የአምስት ሰው የብድር ቡድን ይመራል። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው «ስማ አንተ ሰብሳቢ!» ትለዋለች። «ጋሼ» የምትለው ታናሽ እህቱ ብቻ ናት። እሷም ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሟቹ ሦስት ልጆች፣ ተራራው ወገብ ላይ የተለጠፈች ማሳ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ የሚባል በሬ ትቶላት ሄደ። ያን በሬ ሊገዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ፈልጦ ሸጧል። ስለዚህ እሷ ቦራን እንደ በሬ ብቻ አታየውም፤ ሣር ስታቀርብለት ታወራዋለች። ጎረቤት ሲስቅባት «ተዉኝ እባካችሁ፣ ይኼ እንኳ ሰምቶ ሄዶ አያወራብኝም» ትላለች።

የብድር ድርጅቱ ገንዘብ በእጅ አይሰጥም። የሚሰጠው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ነው፤ ዋጋው ከነወለዱ ከምርት በኋላ ይከፈላል። የሚሰጠው ደግሞ ለአንድ ሰው አይደለም፣ እርስ በርሳቸው ዋስ ለሆኑ አምስት ሰዎች ነው። ከአምስቱ አንዱ ዕዳውን ካልጨረሰ ለአምስቱም የሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ የለም። መሬቱ እንደሆነ ደክሟል፤ ያለ ማዳበሪያ የሚሰጠው በቆሎ የተዘራውን ያህል እንኳ አይሆንም። የድርጅቱ ሠራተኛ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ወጣት ነው፤ ከአፉ ፎርም የሚለው ቃል ስለማይጠፋ ስሙን «ፎርም» ብለውታል። ፎርም በስብሰባ ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል!» አንበሳ ሲታሰር ያየ እስካሁን የለም። የታሰሩት እነሱ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ነገሩን ሁሉ ያበላሸው የጭነት መኪና ነው። ዝናቡ በቀኑ መጣ፤ ዘሩ ግን ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል ሲባል ሃያ ቀን አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። ገበሬ ያረሰውን ማሳ ታቅፎ ሰማይና መንገድ እያየ ከረመ። ዘሩ ሲደርስ ረግረጉ አጠገብ ማሳ ያላቸው እንደምንም አበቀሉ። የእህትየው ማሳ ግን ተራራ ነው፣ ውሃ አይዝም፤ በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ ዝናቡ ሲሄድ ቆሞ ደረቀ። ዘሩን ሃያ ቀን ያዘገየው ድርጅት ዕዳውን ግን አንድ ቀን አላዘገየላትም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው እኔ አላውቅም።

ሴትዮዋ አልተኛችም። ፍየሎቿን ሸጠች፣ ዶሮዎቿን ሸጠች፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ግንበኛ ዘንድ ጭቃ አቦካች፣ ድንጋይ አቀበለች። የዕዳዋን እኩሌታ ከፈለች። እኩሌታው ቀረ።

ዘንድሮ ደግሞ ተአምር ሆነና መኪናው በጊዜ ገባ። ፎርም ሰኞ ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰባቸው። በበሩ ክፍተት ነጫጭ የማዳበሪያ ከረጢቶች እስከ ጣሪያ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ለእነሱ ግን ከሽቶ ይበልጥ ነበር።

«ዘንድሮ አልዘገየንም» አለ ፎርም ፈገግ ብሎ።

«እሰይ!» አለ ንብ አናቢው፤ እሱም ከአምስቱ አንዱ ነው፣ ቶሎ ደስ ይለዋል።

«እናንተ ግን ዘግይታችኋል።» ወረቀቱን ገለጠ። «የአንድ አባል ቀሪ አለባችሁ። እስከ ዓርብ ካልተዘጋ የእናንተ ድርሻ ለሌላ ቡድን ይተላለፋል። እኔ ምን ላድርግ? ፎርሙ ነው።»

ያን ዕለት ከሰዓት እህትየው በሌለችበት አራቱ አባ ቆጥብ ግቢ ተቀመጡ። አባ ቆጥብ አራተኛው አባል ናቸው፤ አንዷን ክብሪት ለሁለት ይሰነጥቃሉ እየተባሉ የሚታሙ ሽማግሌ። ከአምስቱ ውስጥ ሁለት በሬ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ግንበኛውና ንብ አናቢው እርስ በርስ ተቀናጅተዋል። ሰብሳቢው ከእህቱ ጋር።

«እንግዲህ» አለ ግንበኛው፣ መሬቱን በእንጨት እየጫረ።

«እንግዲህ» አለ ንብ አናቢውም።

«ብናዋጣላትስ?» አለ ሰብሳቢው። አባ ቆጥብን ነው ያየው፤ መሬት ውስጥ የቀበሩት ገንዘብ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። አባ ቆጥብን ሳል ያዛቸው። እንዲህ ያለ ረጅም ሳል ሰው በሳንባ ምች እንኳ አይስልም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው «ልጄ፣ እኔ ለመቀበሪያዬ ያስቀመጥኳት ናት» አሉ። ግንበኛው ሚስቱ ልትወልድ ነው። ንብ አናቢው ቀፎ ገዝቷል። ሰብሳቢው ራሱ ኪሱን ቢገለብጥ ከትምባሆ ብናኝ በቀር የሚወድቅ የለም።

«ቦራ አለ» አለ በመጨረሻ ግንበኛው፤ ማንንም ሳያይ።

ቃሏን ማንም እንዳልተናገራት ሁሉ ግንበኛው መሬቱን መጫሩን ቀጠለ።

«የማን እህት ናት? የአንተ ናት» አሉ አባ ቆጥብ። «እኛ ብንነግራት ጠላት እንሆናለን። አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች። አሳምናት። ዘንድሮ ማዳበሪያ ካገኘች በዓመቱ ሌላ በሬ ትገዛለች።»

«እኔስ በምን አርሳለሁ? ቦራ ከሄደ የኔ ወይኖ ብቻውን ነው።»

«ይኼ ይገድሃል? የእኔ ጥማድ አለ አይደል! ሁለት ቀን እሰጥሃለሁ። ማሳህ ጾሙን አያድርም። ለእሷም ቢሆን እኛ አለንላት።»

ግንበኛው ራሱን ነቀነቀ፣ ንብ አናቢውም ነቀነቀ። ሰብሳቢው ቀለል አለው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኼው ነው።

ማክሰኞ ሊነግራት ሄደ፤ ልብስ እያጠበች አገኛትና ስለ ልጆቹ ጠይቋት ተመለሰ። ረቡዕ ሄደ፤ የቤቱ ክዳን የሚያፈስበትን ቦታ ደፍኖላት ተመለሰ። «ጋሼ ዘንድሮ ምነው እንዲህ አሰብክልኝ?» ስትለው እንኳ አፉ አልተከፈተም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ የባሰ ይጎዳል፣ ክፉውንማ ታየዋለህ ትሸሸዋለህ።

ሐሙስ የእሱ ማሳ ተራ ነበር። ሐሙስ የከብት ገበያም ቀን ነው። ጠዋት ሚስቱ ወይኖን ነድታ፣ ቀንበሩን ተሸክማ ወደ ማሳው ቀደመች። እሱ ቦራን ሊያመጣ ወደ እህቱ ቤት ወጣ። አሁን እነግራታለሁ፣ እያለ ነው የወጣው፤ በሩ ላይ ስደርስ እነግራታለሁ።

እህቱ ቦራን አብልታ፣ አጠጥታ፣ ጀርባውን በጨርቅ አብሳ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ ደህና አደርክ? ከነጋ ሲጠብቅህ ነው» አለች። «ግራ እግሩን ትንሽ ያመዋል መሰለኝ፤ ድንጋያማው ጋ ስትደርስ አትቸኩልበት።»

«እሺ።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።» አልበላም።

ገመዱን ሰጠችው። በገዛ እጇ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጫፉን ሁለት ዙር ጠቅልላ። እሱም ተቀበላት።

ቁልቁል ወርዶ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ቆመ። ግራው ወደ ማሳው፣ ቀኙ ወደ ገበያ ነው። ቦራ ከልማዱ ወደ ግራ ታጠፈ። ሰብሳቢው ገመዱን ሳብ አደረገው። በሬው አንገቱን መልሶ አየው፣ መንገዱን የሳተ ሰው እንደሚያዩት። «ና» አለው ሰብሳቢው፤ «ና እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ራሱን ሰማ። ፎርም የሚናገራት ቃል ነበረች።

ከመሸጥ በፊት ሄጄ ልንገራት የሚል ሐሳብ መንገዱን ሁሉ አብሮት ተጓዘ። ገበያው ሲደርስ ሐሳቡ ቀረ፣ እሱና በሬው ብቻ ገቡ። ነጋዴው የቦራን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን አየ፣ ጎኑን ዳበሰ፣ የግራ እግሩን አነሳ።

«ለማረሻ ነው ለቢላ?» ሲል ጠየቀው ሰብሳቢው።

«አንተ ሻጭ ነህ አሳዳጊ? ገንዘብህን ቁጠር» አለው ነጋዴው።

ቆጠረ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ብድር ድርጅቱ ቢሮ ሄዶ ዕዳዋን ዘጋ። ፎርም ደረሰኙን ጽፎ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠው። «እንዳንተ ያለ አሥር ሰብሳቢ ቢኖረኝ!» አለው። ሰብሳቢው፣ ሳይዋሽ ለመናገር፣ ለደቂቃ ያህል ደስ አለው። አምስት ቤተሰብ ዘንድሮ ሊያመርት ነው። ማን ነው ያደረገው? እሱ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እህቱ አንድ እቅፍ እርጥብ ሣር ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ከሩቅ ብቻውን ሲመጣ አየችው።

«ቦራስ?»

«ነይ ቁጭ በይ።»

«ቦራስ ጋሼ? እግሩ ተሰበረ? ገደል ገባ እንዴ?»

«ዕዳሽ አልቋል» አለ። ደረሰኙንና የተረፈውን ገንዘብ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠ። «ነገ ማዳበሪያ ትወስጃለሽ። ለአንቺ ብዬ ነው፤ ለልጆቹ ብዬ ነው። ሁላችንም ልንቀር ነበር…»

ሣሩን አልጣለችውም። ታቅፋው ቆማ ቀረች።

«ብትነግረኝ እኮ ራሴ ነድቼ እሸጠው ነበር» አለች። «ዕዳ እንዳለብኝ አላውቅም? አራት ቤት በእኔ ምክንያት እንዲራብ የምፈቅድ መሰለህ? አንዲት ቃል ብትነግረኝ። ተሰናብቼው እሸጠው ነበር።»

«ልነግርሽ ነበር…»

«ገመዱን በእጄ ሰጠሁህ። እግሩን ያመዋል አልኩህ። እሺ አልከኝ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌባ ቢሆን እጮህ ነበር። በአንተ እንዴት ብዬ ልጩህ?»

ገንዘቡን ገፋ አደረገላት። እሷም ሣሩን ይዛ ባዶው በረት ድረስ ሄደች፣ ግርግሙ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ተመልሳ መጣችና «በል ግባ ቤትህ፣ ሰብሳቢ» አለችው። እሷ እንዲህ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ቀንበሩን ግድግዳ አስደግፋ ጠበቀችው። ከጠዋት እስከ ቀትር ከወይኖ ጋር ማሳ ላይ ተጎልታ ነበር። ነገራት። «አሳመንካት?» አለችው። ዓይኑን ወደ ቀንበሩ አዞረ። «ወይኔ ሰውዬ!» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና፤ «ወይኔ ምን ነካህ!»

ዓርብ ማዳበሪያው ታደለ። አምስቱም ወሰዱ፣ እህቱም ወሰደች። አህያ ተውሳ ከረጢቶቿን ጭና፣ ለሁሉም ደህና ዋሉ ብላ፣ በእሱ አጠገብ ስታልፍ ብቻ ዓይኗን አህያው ላይ አድርጋ አለፈች። ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ምን ያለ ዝናብ! መሬቱ ማረሻ ማረሻ አለ።

ሰብሳቢው በማግስቱ በጠዋት አባ ቆጥብ ዘንድ ሄደ። «ጥማድዎን እንዳሉኝ…» ሲል አባ ቆጥብ እንደገና ሳል ያዛቸው። አንደኛው በሬ ትከሻው ተልጦበታል አሉ። ሰብሳቢው ዞር ብሎ ቢያይ በሬው ዛፍ ሥር ቆሞ ተላጠ በተባለው ትከሻው ዛፉን እየታከከ ነው።

ግንበኛው ጋ ሄደ። «የእኔ በሬ ከአንተ ወይኖ ጋር አይስማማም፣ ይዋጋሉ» አለው። ሁለቱ በሬዎች ከጥጃነታቸው አንድ መስክ ነው የዋሉት። ንብ አናቢው ጋ ሄደ። እሱ መዋሸት አይችልም፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለና «ሚስቴ አይሆንም ብላኛለች» አለው።

«ምን አለች?»

«ተወው።»

«ምን አለች ነው የምልህ!»

«በእህቱ የጨከነ በበሬያችን አይራራም አለች።»

ሰብሳቢው ደሙ ፈላ። እየተንደረደረ አባ ቆጥብ ግቢ ተመለሰ። «እናንተ አይደላችሁም ወይ ይሸጥ ያላችሁት? ማዳበሪያውን አልወሰዳችሁም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያኔ ጸጥ ብላችሁ አሁን ነው ጻድቅ የሆናችሁት?»

ሽማግሌው ይህን ጊዜ አልሳሉም። ቀና ብለው አዩት።

«አሳምናት አልን እንጂ በመቀናጆ ገመድ ስረቃት አላልንም» አሉት። «ቤቷ ገብተህ፣ ተጣልተህ፣ በጉልበት ብትወስደው እንኳ ሰው ይረሳዋል። ገመዱን ከእጇ ተቀብለህ! ነገ እኔ በሬዬን ስሰጥህ ወደ ግራ ትሂድ ወደ ቀኝ በምን አውቃለሁ? ልጄ፣ በዚህ መንደር አንድ የሚታመን ነገር ነበረን። ለብድሩ አምስት ዋስ ያስፈልጋል፤ ለገመዱ ማንም ዋስ ጠይቆ አያውቅም።»

«ማዳበሪያውን ግን ወሰዱት።»

«ወሰድነው» አሉ አባ ቆጥብ። «እሱም ያሳፍረናል። እኛ በእሱ እንፈር፣ አንተ በራስህ እፈር።»

የሚያምርም የማያምርም መልስ ነው። ምክንያቱም አፈርን ይበሉ እንጂ ከረጢቶቹን ማንም አልመለሰም፤ ዘር ሲዘሩም አንዷን ፍሬ አላባከኑም። ጥፋቱን አንድ ሰው ተሸከመ፣ ማዳበሪያውን ሁሉም ተሸከመ። የአብዬን ወደ እምዬ ይሉሃል ይኼ ነው።

ሰብሳቢውና ሚስቱ ዶማ አነሡ። በዶማ መቆፈር እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ጥማድ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን ሁለት ሰው በሳምንት አይጨርሰውም። በአራተኛው ቀን የሰብሳቢው መዳፍ ፈነዳ። የሚስቱ ወገብ አልቃና አለ። ዝናቡ እየሄደ ነው፤ ማሳው ግን ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ማንም የነካው አይመስልም። ቤት ውስጥ ከረጢቶቹ እርጥበት እየሳቡ ከታች መደደር ጀምረዋል። ከበረት ወይኖ ያገሳል፤ የሚውልበት አጥቶ።

በሰባተኛው ቀን ከተራራው የአራሾች ድምፅ ሰማ። ቀና ብሎ አየ። የእህቱ ማሳ ላይ ሁለት ጥማድ ገብቷል፤ አባ ቆጥብ፣ ግንበኛው፣ ንብ አናቢው። ቡድኑ ነው። የእሱ ቡድን። አንዱ በሬ ያነክሳል፤ የንብ አናቢው ነው፣ እሾህ ሳይወጋው አልቀረም። ሰብሳቢው ዶማውን ጥሎ ወይኖን ፈታና ሽቅብ ነዳው። ምን እንደሚል አላሰበም። እዚያ ሲደርስ አራሾቹ ቆሙ። እህቱ ዘር የያዘችበትን ቅርጫት ታቅፋ ወደ እሱ መጣች።

«ያኛው እያነከሰ ነው አይደል?» አለ ሰብሳቢው። «ወይኖ ይግባለት። እኔም አርሳለሁ። ሁሉንም እኔ አርስልሻለሁ።»

ወይኖን አየችው። ከቦራ ጋር አራት ዓመት አንድ ቀንበር የተሸከመ በሬ ነው። ግንባሩን አሸት አደረገችው።

«በሬው ምን አጠፋ?» አለች። «እሱ ይግባ።»

ገመዱን ዘረጋላት። እጇን አልዘረጋችም።

«መሬት ላይ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ጎንበስ ብላ ከመሬት አነሣችው፤ ወይኖን እየመራች ሄደች። ሰብሳቢው ዳር ላይ ቆሞ የገዛ በሬው ሲያርስ ዋለ፤ አንድም ሰው ና አላለው፣ አንድም ሰው ሂድ አላለው። ማታ ወይኖ ሆዱ ሞልቶ በእህቱ ትልቋ ልጅ ተመርቶ ቤቱ ተመለሰ። ልጅቷም ገመዱን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በማግስቱ ፎርም በሞተር ሳይክሉ መጣ። የምሥክር ወረቀት በመስታወት አስገብቶ አምጥቷል፦ መቶ በመቶ ዕዳውን የመለሰ አርአያ ቡድን። ፎቶ ሊያነሳው ፈለገ። «ከበሬዎችህ ጋር ቁም» አለው። ሰብሳቢው ከወይኖ ጋር ቆመ። «ሌላኛውስ?» ሲለው «ለገበያ ወጣ» አለ። ፎርም ሳቀ፣ ፎቶውን አነሣ፣ በሚቀጥለው ወር ለሌሎች ቡድኖች ልምዱን እንዲያካፍል ፎርም አስሞልቶት ሄደ። ሚስቱ መስታወቱን ተቀብላ የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ሰብሳቢው ዶማውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ሁለቱ ጥማድ በማሳው ጫፍ ደርሷል። ልቡ ዘለለች። ዶማውን ጣለና ሮጠ።

«መጣችሁልኝ!» አለ። «ይቅር አላችሁኝ?»

«ለአንተ አልመጣንም» አሉ አባ ቆጥብ። «እህትህ ናት የላከችን። ልጆቹ ምን አጠፉ አለች።»

«እግዜር ይስጣት! እግዜር ይስጣችሁ!» ወደ ግንበኛው ሄዶ እርፉን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ግንበኛው እርፉን አልለቀቀም። ሰብሳቢው ትንሽ ሳበው። ግንበኛው አሁንም አልለቀቀም፤ አልተቆጣም፣ ዓይኑንም አላነሣም።

«አንተ ተቀመጥ» አለው።

ያኔ ገባው። በዚያ መንደር ሰው የሞተበት ቤት በእርሻ ወቅት ጎረቤት ተሰብስቦ ያርስለታል። የቤቱ ሰው ያን ቀን እርፍ አይነካም፣ ይቀመጣል። አራሾቹ አይዘፍኑም፣ በሬውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያዙት። ሰብሳቢው ራሱ ለስንቱ ቤት እንዲህ አርሷል። አሁን ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ሦስቱም በሹክሹክታ ነው በሬዎቹን የሚነዱት።

«ኧረ ተዉ!» ብሎ ጮኸ። «አለሁ እኮ! እዚህ ነኝ እኮ!»

በሬዎቹ ብቻ ጆሯቸውን አነሡ።

እስከ ቀትር ጨረሱ። ጥሩ አድርገው ነው ያረሱት፤ ጥጉን እንኳ አላስቀሩም፣ ዘሩንም ማዳበሪያውንም ራሳቸው አገቡለት። ሚስቱ ውሃና ዳቦ አቀረበች፤ ቆመው ቀመሱ። ከዚያ ቀንበራቸውን ፈትተው፣ በሬዎቻቸውን ይዘው፣ አንድ በአንድ በእሱ አጠገብ አልፈው ወደ ሚስቱ ሄዱ። አባ ቆጥብ ቆባቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

ግንበኛውም «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ንብ አናቢው እንባው መጥቶ ነበር፤ እሱም አላት።

ሚስቱ ባሏን አየችው። ከእሷ ስድስት እርምጃ ርቆ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ራሷ ሳበችና «አሜን» አለች፤ ዕቃዋን ሰብስባም ወደ ቤት ገባች።